መልስ፦ ቡሎኑ መጥበቁ ብቻ በቂ ነው?

ጥያቄህ «በኒውክሌር ማመንጫ የቧንቧ ድጋፎችን ከኮንክሪት ጋር የሚያስሩ ቡሎኖች በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን የመጠምዘዝ ኃይል በሚለካ መፍቻ) ተፈትሸው ካለፉ አስተማማኝ ናቸው?» የሚል ነው። በዚያ ብቻ? አይባልም።

ቶርክ፣ ማለትም የመጠምዘዝ ኃይሉ፣ በዋናነት የሚነግርህ ቡሎኑ በደንብ መገጠሙን ነው። የመሸከም አቅሙን ግን አይነግርህም። ደግሞ የመጀመሪያው ውጥረት በጊዜ ብዛት ይላላል። ቆይተህ ስትለካው ዝቅ ብሎ ብታገኘው ወዲያው አትደንግጥ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ፕሌቱን፣ ማለትም ቡሎኖቹ ከኮንክሪቱ ጋር የሚያስሩትን የድጋፉን የብረት ሰሌዳ ነው። በስሌት ላይ ጭራሽ የማይታጠፍ ተደርጎ ይወሰዳል። በተግባር ግን ይታጠፋል። ሲታጠፍ ጠርዙ ኮንክሪቱን ተደግፎ ቡሎኑን እንደ ፍንቀላ ወደ ላይ ይስበዋል። ቡሎኑ ላይ የሚያርፈው ጭነት ከወረቀቱ ይበልጣል ማለት ነው። የአሜሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ1979 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቡሌቲን 79-02 ይህ እንዲሰላ የጠየቀው ለዚህ ነው። የደኅንነት መጠኑንም (የቡሎኑ አቅም ከሚያርፍበት ጭነት ስንት እጥፍ መሆን እንዳለበት) እዚያው ታገኛለህ፦ ኮንክሪት ውስጥ ተለጥጠው ከሚይዙት የቡሎን ዓይነቶች ለዌጅና ለስሊቭ ዓይነት ቢያንስ 4፣ ለሼል ዓይነት ቢያንስ 5።

የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያመጣው ተመላላሽ ጭነትም አይረሳ። ከዚያ ቦታው ድረስ ሄደህ የቡሎኑን ጥልቀት፣ ከኮንክሪቱ ጠርዝ ያለውን ርቀትና ስንጥቅ መኖሩን እይ። የተገጠመው ነገር ከሥዕሉ ጋር ካልገጠመ፣ ስሌቱን እንደገና ሥራው።