ሰዓቱን ጻፉልኝ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ፓቶሎጂ ክፍል (ከሰው አካል የወጣ ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት) ገና ለምትገቡትና ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ናሙና ለምታሽጉት ነው።

ስለ ጡት ካንሰር ሲወራ ሁሉም ውጤቱን ነው የሚጠይቀው። ኢአር (የኢስትሮጅን ሆርሞን ተቀባይ) ፖዘቲቭ ነው? ሄር2ስ (ሲበዛ ዕጢውን የሚያፋጥነው ጂን)? ኬአይ-67 (ሴሎቹ ምን ያህል እየተባዙ እንደሆነ የሚያሳየው) ስንት ሆነ? ሐኪሙ ከእነዚህ ተነስቶ በሽታው ወዴት እንደሚሄድ ይገምታል፤ መድኃኒትም ይመርጣል። እኔ ግን ከውጤቱ በፊት ስላለው ጊዜ ነው የማወራችሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ሙሉ ጡት በኦፕራሲዮን ወጣ። ሳይሰነጠቅ፣ እንዳለ፣ ጥቂት ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ፈሳሽ) ያለበት ባልዲ ውስጥ ተከተተ። እኛ ጋ የደረሰው ሰኞ ነው። ፎርማሊን ወደ ሥጋ ውስጥ የሚዘልቀው ቀስ ብሎ ነው። ዳር ዳሩ ጠንክሯል፣ መሃሉ ግን ተበላሽቷል። የኢአር ምርመራ ሠራን፤ ተቀባዩ ያለው ሴል ቀለም ይይዛል፣ ይህ ግን አልያዘም። «ኔጋቲቭ» ብዬ ፈረምኩ።

ከወራት በኋላ ያንኑ ስላይድ (የናሙናው ስስ ቁራጭ ያለበትን መስታወት) እንደገና አየሁት። ከዕጢው አጠገብ ያሉት ጤነኛ የወተት ቱቦዎችም ቀለም አልያዙም። ጥቂቶቹ እንኳ መያዝ ነበረባቸው! ቀድሞ በመርፌ ከተወሰደው ባዮፕሲ ደግመን ስንሠራ ፖዘቲቭ ሆነ። በእኔ ፊርማ ምክንያት ያቺ እናት ታሞክሲፌን ሳትጀምር ወራት አለፉ። ታሞክሲፌን እኮ ኢስትሮጅን ዕጢውን እንዳያሳድግ የሚያግድ ርካሽ ኪኒን ነው። ኢአር ፖዘቲቭ የሆነች ሴት ለ5 ዓመት ስትወስደው፣ በ15 ዓመት ውስጥ በበሽታው የመሞት ዕድሏ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ለሐኪሟ ስደውል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለዚህ ናሙናው ከወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ይግባ። ትልቅ ከሆነ ወዲያው ሰንጥቁት። ፎርማሊኑ የናሙናውን አሥር እጥፍ ያህል ይሁን። እዚያ ውስጥ ከ6 ሰዓት አይነስ፣ ከ72 ሰዓት አይለፍ። ስላይዱን ስታነቡ ከካንሰሩ በፊት ጤነኛውን ቱቦ እዩ። እሱ ቀለም ካልያዘ «ኔጋቲቭ» ብላችሁ አትፈርሙ፤ ሌላ ብሎክ (በሰም የተያዘ የናሙና ቁራጭ) ፈልጉ። ከዕጢው ሴሎች 1 በመቶው ቀለም ከያዘ ፖዘቲቭ ነው፤ መስመሩ ይህን ያህል ቀጭን ነው።

«አፍሪካዊት ስለሆነች የሆርሞን ሕክምና አይሠራላትም» የሚል ወሬም ትሰማላችሁ። አትቀበሉት። አገራችን ውስጥ በተሠሩ ጥናቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ታካሚዎች ኢአር ፖዘቲቭ ናቸው። በደንብ ያልተያዘ ናሙናም ቁጥሩን ሊያሳንሰው ይችላል።

ስለ ሄር2 ደግሞ አንድ ነገር ልበላችሁ። በ1987 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ የ189 ሴቶችን ዕጢ መርምረው፣ ይህ ጂን የበዛባቸው ሴቶች በሽታው ቶሎ እንደሚመለስባቸውና ዕድሜያቸው እንደሚያጥር አሳዩ። ያኔ ሄር2 ፖዘቲቭ ማለት ክፉ ዜና ነበር። በ1998 ሄር2ን የሚያጠቃው ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት እዚያው ተፈቀደ። ጂኑ ያው ነው፣ ዜናው ግን ሌላ ሆነ፤ አሁን ዒላማ ያለው መድኃኒት አለ። መድኃኒቱ ውድ ነው፤ የብዙ እናቶቻችን አቅም አይደርስበትም፤ ይህ ያንገበግበኛል። ቢሆንም «ክፉ ዓይነት ነው» ብላችሁ ለቤተሰብ አትንገሩ። የሄር2 ቀለም ውጤት 2 ፕላስ (አጠራጣሪ) ሲሆንም በግምት አትወስኑ፤ የጂን ምርመራ ይጨመርበት።

አሁን ወደ ሥራችሁ ሂዱና የናሙና መላኪያ ቅጹን እዩት። «ናሙናው የወጣበት ሰዓት» እና «ፎርማሊን የገባበት ሰዓት» የሚል ቦታ አለው? ከሌለው ኅዳጉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት። እኔ ከዚያ ሰኞ በኋላ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።