ያመለጡኝን ሦስት ወፎች ፍለጋ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ወፍ ማየት ከጀመርኩ 6 ዓመቴ ነው። ባለፈው ዓመት ኡጋንዳን 9 ቀን ዞርኩ። ብዙ አየሁ፤ ግን በተለይ የሄድኩላቸው ሦስቱ አመለጡኝ፦ ሹቢል፣ ደረተ አረንጓዴው ፒታ እና የግራወር ብሮድቢል። ሹቢል ያለበት ማባምባ ረግረግ የደረስኩት እኩለ ቀን ላይ ነው። ፒታው ያለበት ኪባሌ ጫካ ያደርኩት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ብሮድቢሉ ያለበት ብዊንዲ ጫካ ደግሞ ዝናብ ያዘኝ። ዘንድሮ ለ10 ቀን ልመለስ ነው፤ እግረ መንገዴን ኬንያንም ብጨምር ብዬ አሰብኩ። ምን ይመክሩኛል?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ ኬንያን ለሌላ ጊዜ ይተዉት። እንደ ነገሩኝ ከሆነ ወፎቹ ያመለጡዎት ዕድል ስለከዳዎት አይደለም፤ ጊዜው ስላጠረዎት ነው። አዲስ አገር የሚያይ ሰው ብዙ ቦታ መርገጥ ይፈልጋል። ያመለጠውን የሚፈልግ ግን ቦታ ቀንሶ ማለዳ ማብዛት አለበት። ስለዚህ ጉዞዎን በቀን ሳይሆን በማለዳ ይቁጠሩት። ለየወፉ ሁለት ሁለት ማለዳ ይስጡ፤ የቀረው ለመንገድ ነው፤ መንገዱ ረጅም ነው።

ማባምባ ከኢንቴቤ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ሹቢልን ሲገቡም ሲወጡም ሊሞክሩት ይችላሉ። በመጀመሪያው ማለዳ ይሂዱ፤ ካልተሳካ የመጨረሻው ማለዳ መጠባበቂያዎ ይሁን። የመመለሻ በረራዎን የማታ ያድርጉት።

እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ ሳላየው ነው የተመለስኩት። በሁለተኛው ገና ጎህ ሲቀድ ታንኳ ላይ ነበርኩ። በደንገሉ መሃል ባለው ጠባብ የውሃ መንገድ ስንገባ ቀዛፊው መቅዘፉን አቆመ። ከፊታችን ቆሟል። ግራጫ ነው፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው፣ መንቆሩ የእንጨት ጫማ ይመስላል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ንቅንቅ አላለም። የሚጠብቀው ላንግፊሽ የሚባለውን ዓሣ ነው፤ ይህ ዓሣ አየር ለመሳብ ወደ ላይ መውጣት ግድ ይለዋል። ውሃው ትንሽ እንደተናወጠ ወፉ መላ አካሉን ይዞ ድፍት አለ። ቀና ሲል ዓሣውን ከነሣሩ አፍሶ ነበር። ጭንቅላቱን እያወዛወዘ ሣሩን በመንቆሩ ጠርዝ አራገፈና ዓሣውን ዋጠው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ባይኖኩላሩን መያዝ አቃተኝ። ለዚህ ነው ታንኳውን ለብዙ ሰዓት ይያዙት የምልዎት። ድሮ የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ሹቢል ገደ ቢስ ነው እያሉ ያሳድዱት ነበር፤ ዛሬ ወፉን የሚያሳዩት እነሱው ናቸው። የት እንደሚቆም ያውቃሉና "ጠጋ በሉልኝ" እያሉ አያስጨንቋቸው።

ፒታው ጎህ ሲቀድ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ይጠራል፤ ብድግ እያለ ክንፉን ያርገበግባል። ከዚያ መሬት ወርዶ ቅጠል ውስጥ ዝም ይላል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከገቡ ፍለጋው ከባድ ነው። ጎህ ሳይቀድ ለመግባት ከፓርኩ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ አስጎብኚዎ ይጨርስልዎት። ወሩን ለመምረጥ ኢበርድ ላይ (ወፍ ተመልካቾች ያዩትን የሚመዘግቡበት ድረ ገጽ ነው) የኪባሌን ሰንጠረዥ ይክፈቱ፤ ወፉ በየትኛው ሳምንት በብዛት እንደታየ ያሳያል። የአውሮፕላን ቲኬት የሚቆርጡት ከዚያ በኋላ ነው። ድምፁን ከመሄድዎ በፊት ዜኖ ካንቶ በሚባለው የወፍ ድምፅ ድረ ገጽ ላይ እየሰሙ ጆሮዎን ያለማምዱ። ጫካ ውስጥ ግን ደጋግመው አያጫውቱበት፤ ወፉን ያውከዋል።

የግራወር ብሮድቢልን ብዊንዲ ውስጥ ከሩሂጃ ተነስተው ወደ ሙብዊንዲ ረግረግ በሚወርደው መንገድ ይፈልጉት። ሲሄዱ ቁልቁል ነው፤ ሲመለሱ ዳገት ነው፤ ሙሉ ቀን ይወስዳል። ሁለተኛው ማለዳ ዝናብ ከያዘዎት መጠባበቂያ ነው። ወፉ ትንሽ ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ቅጠል መሃል ዝም ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ገና ሲደርሱ አስጎብኚዎቹን "ጎጆ የተገኘበት ቦታ አለ?" ብለው ይጠይቁ። ካለ ራቅ ብለው ይቀመጡ። ወፉ ምግብ ይዞ መጥቶ ወደ ጎጆው አልገባ ካለ ቀርበዋል ማለት ነው፤ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይመለሱ።