ስፌቱ እንግሊዝ፣ ጨርቁስ ከየት?

ላንካሽር በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ያለች፣ አንድ ጊዜ ዓለምን በጥጥ ጨርቅ ያጥለቀለቀች አካባቢ ናት። እዚያ የልብስ ሥራ ዳግም እየተሞከረ መሆኑን ከጻፍኩ ወዲህ ጥያቄያችሁ በዝቷል። የተወሰኑትን ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ያን ያህል ትልቅ ከነበረ ምን ገደለው?

መልስ፦ በ1912 ወደ 8 ቢሊዮን ያርድ ጨርቅ ይመረት ነበር። ያርድ ማለት ከሜትር ትንሽ ያነሰ ነው። ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣና ንግዱ ተስተጓጎለ። ዋናዋ ገዢ ሕንድ በራሷ ፋብሪካዎች መሸመኑን አጠናከረች፣ ጃፓንም ገበያውን ተሻማች። ጦርነቱ ሲያልቅ ደንበኛው አልተመለሰም። በ1959 ደግሞ መንግሥት ራሱ ሕግ አውጥቶ፣ ያረጀ ማሽናቸውን ለሚያስወግዱ ባለፋብሪካዎች ገንዘብ ከፈለ። የቀሩት ይዘምናሉ ተብሎ ነበር፤ መዘጋቱ ግን ቀጠለ። በርንሊ ከተማ በእንፋሎት ይሠራ የነበረው የኩዊን ስትሪት ሽመና ፋብሪካ በ1982 ቆመ። አሁን ሙዚየም ነው።

ጥያቄ፦ አሁን የሚሞክር ሰው አለ ወይስ ወሬ ብቻ ነው?

መልስ፦ አለ። ፓትሪክ ግራንት የሚባል የልብስ ነጋዴ፣ በቴሌቪዥን የስፌት ውድድር ዳኝነቱም የሚታወቅ፣ በ2015 በላንካሽሯ ብላክበርን ከተማ ሊዘጋ የነበረ ኩክሰን ኤንድ ክሌግ የተባለ የልብስ ፋብሪካ ገዛ። በ2016 ደግሞ ኮሚዩኒቲ ክሎዚንግ የተባለ የልብስ ድርጅት ጀመረ። ዘዴው ቀላል ነው፣ እኔ ግን በጣም ወድጄዋለሁ። የልብስ ፋብሪካ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሥራ የለውም። ትእዛዝ የሚጎርፍበት ወር አለ፣ ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ወርም አለ። እነሱ የሚያሰፉት ሥራ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ነው፣ ያውም ፋሽን ሲቀየር የማያልፍበትን፣ ቲሸርትና ጅንስ የመሳሰለውን። ፋብሪካው እንዳይዘጋ የሚያደርገው ይኼ ነው፤ የሰፊዎቹ ደመወዝ ባዶ ወር ላይ አይቆምም።

ጥያቄ፦ ለምንድነው ታዲያ እዚያ የሚሰፋ ልብስ ዋጋው እንዲህ የሚወደደው? አንድ ሸሚዝ እኮ ነው!

መልስ፦ እስቲ አብረን እናስላው። በ2025 ሚያዝያ የእንግሊዝ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ለአዋቂ በሰዓት 12.21 ፓውንድ ሆነ። ሸሚዙን ቆርጦ ለመስፋት 45 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ጨርቅ ሳይገዛ፣ ቁልፍ ሳይተከል፣ ኪራይና መብራት ሳይታሰብ 9 ፓውንድ ከምናምን ሄደ። በላዩ 20 በመቶ ቫት አለ። መሃል ላይ ሱቅ ከገባ ደግሞ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ ለዚህ ነው አንዳንዶቹ በቀጥታ ለገዢው የሚሸጡት። እዚያው አገር ተሰፍቶ በ10 ፓውንድ የሚሸጥ ሸሚዝ ካየሽ፣ ያልተከፈለው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ አገር ውስጥ ከተሠራ ግን ንጹህ ነው ማለት አይደል?

መልስ፦ አይደለም! ሌስተር የምትባለው ሌላዋ የድሮ የሹራብና የልብስ ከተማ ለዚህ በቂ ናት። በ2020 አንዳንድ ፋብሪካዎቿ በሰዓት 3.50 ፓውንድ ይከፍላሉ የሚል ዘገባ ወጣ፤ ሕጉ ያኔ ለአዋቂ 8.72 ነበር። ልብሱን ያሠራው ቡሁ የተባለው የኦንላይን ሻጭ ነበር። ድርጅቱ ራሱ ያዘዘው ገለልተኛ ምርመራም የደመወዙ ክስ በአብዛኛው እውነት መሆኑን አረጋገጠ። ያውም በመንግሥት አፍንጫ ሥር።

ልብሱ ላይ የሚሰፋው መለያም ብዙ አይነግርህም። እንግሊዝ ውስጥ የተሠራበትን አገር መጻፍ ግዴታ አይደለም፣ የተጻፈም ቢሆን ጨርቁ ከየት እንደመጣ ላይናገር ይችላል። እኔም አንዴ ባንዲራ ያለበት ሹራብ በኩራት ገዝቼ፣ በኋላ ስጠይቅ ክሩም ሹራቡም ከውጭ መጥቶ እዚያ የተደረገው መለያ መስፋት ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ማን ፈተለው፣ ማን ሸመነው፣ ማን ሰፋው?

ጥያቄ፦ ሥራውን ወደ እንግሊዝ መመለስ የባንግላዴሽ ሴቶችን እንጀራ መንጠቅ አይሆንም?

መልስ፦ ይቺ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችኝ። በ2013 ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ዳካ አጠገብ ተደርምሶ 1,134 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ የልብስ ሠራተኞች። ከዚያ በኋላ የፋብሪካዎቹ ደህንነት የተሻሻለው «ከባንግላዴሽ አንገዛም» በማለት አልነበረም፤ ገዢ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የሚያስገድድ የደህንነት ስምምነት ፈርመው ፋብሪካዎቹን በማስፈተሻቸው ነው። ትእዛዙ ጠፍቶ ቢሆን ያቺ ሴት ምን ትበላለች?

የላንካሽርም ታሪክ ቢሆን ንጹህ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እስከ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ድረስ ጥጡ በአብዛኛው በአሜሪካ ባሮች የተለቀመ ነበር፣ ጨርቁ ደግሞ የሕንድን ሸማኔ ከሥራ አስወጥቷል። በ1931 ጋንዲ ዳርዌን ወደምትባለው የላንካሽር ከተማ ሄዶ፣ እሱ በመራው የእንግሊዝ ጨርቅ ያለመግዛት ዘመቻ ምክንያት ሥራ ያጡትን ሠራተኞች አነጋገረ። ይሰድቡታል ሲባል በጭብጨባ ተቀበሉት! የፋብሪካ ሴቶች ከበውት ሲስቁ የሚያሳየው ፎቶ አሁንም አለ። ስለዚህ የእኔ መልስ ይኸውልህ፦ እዚያ የሚሰፋው የሚያስፈልገውን ያህል ይሁን፣ ሩቅ የሚሰፋውም በሕግና በደመወዝ ይሰፋ። እንግሊዝ የራሷን ልብስ በሙሉ ልትሰፋ ነው የሚል ሰው የለም።

ጥያቄ፦ ጥጥ የማይበቅልበት አገር «የራሴ ጨርቅ» ሊል ይችላል?

መልስ፦ በጥጥ አይችልም፣ በተልባ ይችላል። አዎ፣ ያው ተልባ፤ ከግንዱ ክር ይወጣል። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «የተልባ እግር» የሚለው ለካ ለዚህ ነው። በ2021 ብላክበርን ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ተልባ ዘሩ፣ ሰማያዊ ቀለም የሚወጣበትን ዎድ የተባለ ተክልም ዘሩ። ሐሳቡ አገር በቀል ጅንስ ነው። ተልባው በ100 ቀን ገደማ ይደርሳል፣ ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግንዱ ጤዛ ላይ ተነጥፎ ይበሰብሳል፣ ይወቀጣል፣ ይበጠራል፣ ከዚያ ይፈተላል። መሬቱ ሞልቷል፣ የጠፋው ይህን የሚሠራ ማሽንና የሚያውቅ እጅ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ እንግሊዝ ናት፣ የልብስ ፋብሪካ ሥራ ልግባ ትላለች። ላበረታታት?

መልስ፦ ማሽን ላይ የሚቀመጡት ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ ወጣት ይፈለጋል። የምታስበው ቀሚስ መንደፍ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ አንድ ኪስ ብቻ ስትሰፊ ልትውዪ ትችያለሽ ብለሽ ንገሪያት። አንድ ሳምንት ሄዳ ትቀመጥበትና ከዚያ ትወስን።