መልስ፦ አባቴ ለጉበት ንቅለ ተከላ ይበቃሉ?

ሰላም ወንድሜ። አባትህ በሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) ይዟቸው፣ ቢሊሩቢን (የቢጫነት መለኪያ) 3፣ አይኤንአር (የደም መርጋት መለኪያ) 1.8፣ ክሪያቲኒን (የኩላሊት መለኪያ) 1 ሆኖ ከጅማ ሕንድ ልውሰዳቸው ወይ ብለሃል።

በእነዚህ ቁጥሮች የሜልድ ነጥባቸው፣ ማለትም የጉበት ሕመሙን ክብደት የሚለካው ነጥብ፣ 17 ገደማ ነው። መለኪያው ከ6 እስከ 40 ይደርሳል፤ 15 እና ከዚያ በላይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የንቅለ ተከላው ጥቅም ከአደጋው ያመዝናል። ሆዳቸው ውሃ ከቋጠረ ደግሞ ለንቅለ ተከላ መገምገማቸው ተገቢ ነው። ሦስቱም ምርመራዎች ከአንድ ቀን ደም ይሠሩ። ሰውነቱ በከሳ ሰው ክሪያቲኒን ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ነጥቡ ያታልላል።

ቲኬት ከመቁረጥህ በፊት ግን ቫይረሱን የሚያፍኑትን መድኃኒቶች ቴኖፎቪር ወይም ኢንቴካቪር ጀምረዋል? ቫይረሱ ሲታፈን በወራት ውስጥ አገግመው ንቅለ ተከላው የሚቀርላቸው አሉ። ይህን ዘለው የሚሄዱ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

በሲቲ ስካን የጉበት ካንሰር ዕጢ ከተገኘ፣ አንድ ብቻ ሆኖ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ፣ ወይም እስከ ሦስት ሆነው እያንዳንዱ ከ3 ካልበለጠ ካንሰር ያለበት ሰው ለንቅለ ተከላ መብቃቱ በሚለይበት በሚላን መስፈርት ያልፋሉ። የደም ሥር ከገባ ወይም ከጉበት ውጭ ከተሰራጨ አያልፉም። ያልታከመ ቲቢ፣ የደከመ ልብ፣ ያልተተወ መጠጥም ያስቀራል።

ለጋሹ የደም ዓይነቱ የሚስማማ ጤነኛ ዘመድ ይሁን። የሚሰጠው ቁራጭ ቢያንስ የተቀባዩን ክብደት 0.8 በመቶ መሆን አለበት፤ ለ60 ኪሎ ሰው 480 ግራም ማለት ነው። ካነሰ አዲሱ ጉበት ወደ እሱ የሚፈሰውን ደም ግፊት አይችልም። ለጋሹም ቢያንስ 30 በመቶ ጉበቱ ሊቀርለት ይገባል። የለጋሹ ጉበት ስብ የበዛበት ከሆነ ለጋሹ ተቀባይነት አያገኝም፤ ስለዚህ የለጋሹን አልትራሳውንድ እዚሁ ጅማ አሠሩት።