መልስ፦ የአያቴን የገና ዘፈን ሙሉ ግጥም ከየት ላግኘው?

«አሲና በል አሲና ገናዬ» የምትለዋ ብቻ ትዝ ትለኛለች፣ ሌላው የአያቴ ግጥም ጠፋብኝ ላልሽው፦ ሙሉው አንድ ቦታ ተጽፎ አታገኚውም። እሷ ተቀባዮቹ የሚመልሷት አዝማች ናት። መሀል ያለውን አውጪው እዚያው የገና ሜዳ ላይ፣ ሩሯ (የጨዋታው ኳስ) ስትመታ እያየ፣ አንዱን ሲያወድስ ሌላውን ሲነካካ ያወጣዋል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለውም ለዚሁ ነው። አያትሽ ያሉት ብዙው የራሳቸው ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ፍለጋው ቢቸና ያሉት አጎቶችሽ ጋ ነው።

1. ለታኅሣሥ 29 ሂጂ። በስልክ አይሆንም።
2. «ግጥሙን ንገሩኝ» አትበያቸው። አዝማቹን አንሺና አጨብጭቢ፣ ልጆቹም ይቀበሉ።

አባቴን ሞጣ ቤታችን ቁጭ አድርጌ ስጠይቀው «ኧረ ረስቼዋለሁ ልጄ» ነበር ያለኝ። ማታ ጠላው ቀርቦ ወንድሞቼ አዝማቹን ሲያነሱት ግን ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰና፣ የእሳት መቆስቆሻውን እንደ ገና ዱላ ይዞ፣ ልጅ ሳለ አብረውት የተጫወቱትን ሁሉ በስም እየጠራ አንድ በአንድ አወጣው። እናቴ በሳቅ እንባዋ መጣ።

አንድ ነገር ግን አደራ። በስልክሽ የቀዳሽውን ድምፅ እዚያው ማታውኑ ለቤተሰቡ በቴሌግራም ላኪው። እኔ ነገ እልካለሁ ብዬ ስልኬ አውቶቡስ ውስጥ ጠፋ። በዓመቱ አባቴ አልነበረም።