ቤታችን ተሰነጠቀ፤ ፓርላማ ካሣ ይወስንልናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ ነው። አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት መንገድ ሲያሠራ ዳገቱ ተቆረጠና የብዙዎቻችን ቤት ግድግዳ ተሰነጠቀ። ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ቀበሌ «ከተማ አስተዳደር ሂዱ» ይለናል፤ ከተማው ደግሞ «የፌዴራል ጉዳይ ነው» ይላል። አሁን አንድ ሰው «ለፓርላማ አቤቱታ አስገብቼ ካሣ አስወስንላችኋለሁ» እያለ ከየቤቱ ብር ይሰበስባል። እንስጠው?

መልስ፦ አይስጡት። በተጎዳ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት ያሳዝናል።

አቤቱታ ማቅረብ የራሳችሁ መብት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 በስሙ ጠርቶ አስቀምጦታል። ደላላ አያስፈልገውም። ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ፣ በምክር ቤቱ መዝገብ ቤት ገቢ ታስደርጋላችሁ። ከእናንተ አካባቢ ለተመረጠው እንደራሴ ግልባጭ ስጡት፤ የገቢ ቁጥሩን ያዙ።

ካሣን ግን ፓርላማ አይወስንም። የዳኝነት ሥልጣን በአንቀጽ 79 የፍርድ ቤቶች ነው። የምክር ቤቱ ጉልበት ሌላ ቦታ ላይ ነው። በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 መሠረት የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ መጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር መመርመር ይችላል። ስለዚህ «ካሣ ይወሰንልን» ብላችሁ አትጻፉ። «መሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ልኮ ጉዳቱን ያስገምት፣ መልሱን በጽሑፍ ይስጠን፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ጠርቶ ይጠይቅልን» በሉ። ይህ ምክር ቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመካከሉም የአንድ ወር ዕረፍት አለ። ክረምት ላይ የገባ አቤቱታ ቁጭ ብሎ ሊጠብቅ ስለሚችል ጊዜውን አስቡበት። መንገዱን የሚያሠራው ከተማው ቢሆን ኖሮ አቤቱታው የሚሄደው ወደ ከተማው ምክር ቤት ወይም ባሕር ዳር ወደ ክልሉ ምክር ቤት ነበር። ስለዚህ አሠሪው ማን እንደሆነ በጽሑፍ አረጋግጡ።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን «ዓመት ከአራት ወር» ያሏት ነገር ናት። በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143 መሠረት ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠየቀው ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ስንጥቁ ዛሬም እየሰፋ ቢሆን እንኳ ከመጀመሪያው ስንጥቅ ቁጠሩ፤ ተከሳሹ የሚከራከረው በዚያ ነው። እንግዲህ የቀራችሁ ስምንት ወር ነው። ለፓርላማ የገባ አቤቱታ ደግሞ ይርጋን፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያውን የጊዜ ገደብ፣ አያቋርጥም። አንቀጽ 1851 ይርጋ የሚቋረጥባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር ያስቀመጠው ባለዕዳው ዕዳውን ማመኑን ወይም ባለመብቱ ክስ ማቅረቡን ነው። «እናያለን፣ ታገሡ» የሚል የቃል ተስፋ እዚያ ውስጥ የለም። ሰው መብቱን የሚያጣው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ መልስ ሲጠብቅ ነው።

ደግሞም ክሳችሁ ደካማ አይደለም፤ አብሽሩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2069 የመሬትን ተፈጥሯዊ አቀማመጥ በመለወጥ ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው ይላል። ያ ሰው መንግሥት ቢሆንም፣ ሥራው በፈቃድ የተሠራ ቢሆንም ለውጥ የለውም። ዳገት መቁረጥ እንግዲህ ሌላ ምን ሊባል ነው? አሠሪውንም ተቋራጩንም አንድ ላይ ክሰሱ። አዲስ አበባ ድረስ መሄድም ግድ አይደለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ንዑስ አንቀጽ 4 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ይሠራል።

ሁላችሁም በየፊናችሁ ጠበቃ መያዝ የለባችሁም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 38 ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸው ሰዎች በተወካይ እንዲከሱ ይፈቅዳል። የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው በአንቀጽ 467 በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል። ያ ለደላላው ሊሰጥ የነበረ ብር ለመሐንዲስ ይዋል፤ ስንጥቁ ከመንገዱ ቁፋሮ የመጣ መሆኑን የሚያስረዳ የባለሙያ ሪፖርት ከሌለ ክሱ ይንገዳገዳል። ግድግዳውን ለማደስ ከመነካታችሁ በፊትም ቀኑ የሚታይበት ፎቶ አንሱ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚያደርሱትን አስተዳደራዊ በደል የሚመረምረው የሕዝብ እምባ ጠባቂ ተቋምም አለ። አቤቱታ የሚቀበለው ያለ ክፍያ ነው። ነገር ግን በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ አይመረምርም። ስለዚህ ለእሱም ለምክር ቤቱም በዚህ ሳምንት አስገቡ፤ አምስት ወር ጠብቃችሁ የጽሑፍ መልስ ካልመጣ ክሱን ክፈቱ።