ስለ ወጣቶችና ስለ ሕዋ ጠይቁኝ፦ ጥያቄና መልስ

በትምህርት ቤት የሕዋ ክበቦች በበጎ ፈቃድ መሥራት ከጀመርኩ ቆየሁ። ወጣቶችን በሕዋ ፕሮግራም የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ስለማሳተፍ ለጠየቃችሁኝ መልሴ እነሆ።

ጥያቄ፦ የሕዝብ ግንኙነት የባለሙያ ሥራ አይደል? ተማሪ ምን ያደርጋል?

መልስ፦ ባለሙያው መግለጫ ያወጣል። ሰፈር ውስጥ ግን ማን ያነበዋል? ሰኔ 14 ቀን 2012 እሑድ ጠዋት ፀሐይ ስትጋረድ ላሊበላ ላይ ቀለበት ሆና ታየች። አዲስ አበባ በከፊል ነበር። የጎረቤቴ ልጅ የፓስታ ማጥለያ ይዛ ወጣች። ለፀሐይዋ ጀርባዋን ሰጥታ ማጥለያውን ግድግዳው ፊት ያዘችው። በየቀዳዳው ያለፈው ብርሃን ግድግዳው ላይ ትንንሽ ጨረቃ ሆኖ ተደረደረ። እናቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከበቧት። "ወደ ላይ እንዳታዩ፣ እዚህ እዩ!" ትላቸዋለች። ከዚህ የበለጠ የሕዝብ ግንኙነት አላየሁም።

ጥያቄ፦ "ዳቦ ሳንጠግብ ሳተላይት ምን ያደርግልናል?" ሲሉንስ?

መልስ፦ አትቆጡ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ታህሳስ 10 ቀን 2012 ከቻይና የመጠቀችው የአገራችን ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ሥራዋ እርሻን፣ ደንንና ውሃን ከላይ ማየት ነበር። አያቱ ገበሬ የሆኑ ልጅ ይህን በራሱ አነጋገር ቢያስረዳ ይደመጣል።

ጥያቄ፦ በጀት የለንም። ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ከስም። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ሰጥቶ ስም አውጡ አለ። የእኛ ኮከብ "ቡና"፣ ፕላኔቷ "አቦል" ተባሉ። ክፍል ገብቼ ይህን ስናገር ልጆቹ "ቶናና በረካስ የት አሉ?" ይሉኛል። እስካሁን የታወቀችው አቦል ብቻ ናት ስላቸው "እንፈልጋቸዋ!" ይላሉ። ናሳም የማርስ ተሽከርካሪዎቹን ስም ለተማሪዎች ትቷል። ኪዩሪዮሲቲን የሰየመችው የ12 ዓመት ልጅ ተሽከርካሪው ላይ ስሟን ፈርማለች።

ጥያቄ፦ የማይደረገውስ?

መልስ፦ ቲሸርት አልብሶ ማስጨብጨብ። አንድ ዝግጅት ላይ ልጆች ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆሙ፣ ንግግር ሰሙ፣ ቴሌስኮፑ ከሳጥኑ ሳይወጣ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ዛሬም ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ቲክቶክ ላይ ስለ ሕዋ ትሠራለች። ላስቁማት?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ከመልቀቋ በፊት ግን የሚያውቅ ሰው ይይላት። ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት "ስበት ስለሌለ" ካለች ታርመው። ስበትማ አለ፤ የሚንሳፈፉት ከነመንኮራኩራቸው መሬትን እየዞሩ ሳያቋርጡ ስለሚወድቁ ነው።